በጥላ የተሰጣ ፊልም

ናዝሬት ውስጥ በዚያ ዘመን እሑድ ጠዋት በር የሚያንኳኳው ሰው ከሁለት አንዱ ነበር፤ ወይ ለስብሰባ የሚቀሰቅስ የቀበሌ ሰው፣ ወይ እኔ። የቀበሌው ሲመጣ ጤነኛው ሁሉ ያመዋል። እኔ ስመጣ የታመመውም ይነሣል። «ተነሺ!» እላለሁ የጓደኛዬን መስኮት እየደበደብኩ። «ከአልጋ ነው ወይስ ለፎቶ?» ትለኛለች ከውስጥ። «ለሁለቱም!» ይህችኑ አንድ ቀልድ ስንት ዓመት እየደጋገምን እንደሳቅንባት ሳስበው ይገርመኛል። ያኔ ለመሳቅ ብዙ ነገር አያስፈልገንም ነበር።

የፎቶ ጉዞ አደራጅ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። ወንድሜ ሩሲያ ተምሮ ሲመለስ እንደ ወፍጮ መጅ የሚከብድ ካሜራ ይዞ መጣ፤ ሚስት ሲያገባ ፎቶ ማንሳቱን ተወውና ካሜራውን ለእኔ ጣለልኝ። እኔ ባልም ልጅም ስላልነበረኝ ካሜራውን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ሰው መሰብሰብ ጀመርኩ። ከምሠራበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊዎቹን፣ ከሰፈሬ አስተማሪዎቹንና የክሊኒኩን ድሬሰር፣ ከዚያ የነሱን እህትና ወንድም። መዋጮ እሰበስባለሁ፣ ከቀበሌ ፈቃድ አስጽፋለሁ፣ ተሳፋሪውን ፊት ለፊት አፋጥጦ የሚያስቀምጠውንና ሕዝቡ በጊዜው ነገር ቀልዶ «ውይይት» ያለውን መኪና እከራያለሁ። እኛ ግን እዚያ ውስጥ የምንወያየው ማን የማን ሸሚዝ ተውሶ እንደለበሰ ብቻ ነበር።

ቁጡ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ አጫጭሮቹ ከፊት፣ ሽማግሌ ካለ መሀል ላይ ወንበር ይሰጠዋል። ጥቁር መነጽር አይደረግም፤ ሰው አናት ላይ በጣት ቀንድ ማውጣት አይፈቀድም። ተደርድረው ሲያልቁ «አትንቀሳቀሱ!» ብዬ ስጮህ በአጠገባችን የሚያልፍ እረኛ እንኳን ይቆም ነበር። ከኋላዬ «ሊቀመንበሯ» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። ደስ ይለኝም ነበር።

እንዲህ ሆነን ያልሄድንበት የለም። ዝዋይ ዳር ዓሣ የሚጠብቁትን አባ ኮዳዎች ከጀርባችን አድርገን ተነሥተናል፤ ፊልሙ ሲታጠብ ግን ወፎቹ ከእኛ ይልቅ በሥነ ሥርዓት ቆመው ተገኙ። ላንጋኖ ውኃው ቡናማ ስለሆነ ልጃገረዶቹ «ቆሻሻ ውስጥ የገባን እንመስላለን» ብለው አኮረፉ። አርሲ ነገሌ ገበያ አንድ ስንዴ ነጋዴ ካሜራዬን ሲያዩ ጆንያዎቻቸው ፊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆሙና ካላነሳሽኝ አንላቀቅም አሉኝ። ደብረ ዘይት ስንሄድ ደግሞ አየር ኃይሉ ስላለ ካሜራውን ከዳቦው ሥር ቀብረን እናልፍና ሐይቁ ዳር ስንደርስ እናወጣዋለን። የደብረ ዘይት ፎቶዎቻችን ላይ ሁልጊዜ አንዲት ብዥ ያለች ነጥብ አለች፤ ሌንሱ ላይ የቀረች የዳቦ ፍርፋሪ ናት።

ከተከራየሁበት ቤት አጥር ማዶ አንዲት ሴት ነበሩ። «እትዬ» ነበር የምላቸው፤ ስማቸውን ጠርቼ አላውቅም። ትውልዳቸው አርሲ ስለሆነ ሲደነግጡም ሲደሰቱም «ዋቃዮ!»፣ አምላኬ ነበር የሚሉት። በንጽሕና የሚደርስባቸው አልነበረም፤ ያጠቡት ነጠላ ገመድ ላይ ሲውል ዓይን ይወጋል። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ልብሷ ላይ የወይን ጠጅ ወይም የዘይት ጠብታ ሲያስቸግራት ወደ እሳቸው ነበር የምትሮጠው። ያላቸው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም። እንደዚያ ያሉትን ልጆች ቀበሌው ምን እንደሚያደርጋቸው ያን ጊዜ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ።

አንድ ምሽት ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉና፣ «ልጄ፣ እሑድ ጉዞ አውጪ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ባለፈው ወር ወጣን እኮ። ፊልምም የለም።»

«ፊልሙን ፈልጊያ። ልጄ ሊሄድብኝ ነው፤ ፎቶው ደግሞ የለኝም።»

«ጉርዱስ? ለፈተና የተነሣው?»

ከጡታቸው ሥር መሐረብ አወጡና ፈቱት። ጉርድ ፎቶው ውስጡ ነበር። ጆሮው ግራና ቀኝ ተገትሮ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፎ። «ይኼ የኔ ልጅ ነው? ይኼ የተከሰሰ ሰው ነው» አሉ። «እኔ የወለድኩት ይስቃል። ሲስቅ ያዢልኝ።»

ቀላል ነገር የለመኑኝ ይመስላል። ልጁ ግን ስንት ጉዞ አብሮን ሄዶ አንድም ፊቱ የሚታይበት ፎቶ የለውም። ካሜራው ሲነሣ ወይ ጀርባውን ያዞራል፣ ወይ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያስራል፣ ወይ ምላሱን አውጥቶ ሠላሳ ሰው ያበላሻል። አንዴ ተናድጄ ለምን እንደሚያደርገው ጠየቅኩት። «ቁም ሲሉኝ መቆም አልወድም፣ እህት ዓለም» አለኝ። ሳቁ ግን ከሰፈር ሰፈር ይሰማ ነበር፤ ሲስቅ መላ አካሉ ነው የሚስቀው። ያንን ሳቅ ወድጄው ነበር። እንደ ታናሽ ወንድም ነው የወደድኩት፤ ለእናቱ ቃል የገባሁትም ለዚህ ነው።

ፊልም በዚያ ሰሞን እንደ ቤንዚን ጠፍቷል። የፎቶ ቤቱን ሰውዬ ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ለራሱ ካስቀመጠው አንዱን ጥቁርና ነጭ ፊልም ሰጠኝ። «ይህን ብታባክኚ ደግመሽ ዓይኔን እንዳታዪው» አለኝ። እሑድ ጠዋት ውይይቷን ሞልተን በመልካሳ በኩል ወደ ሶደሬ ወረድን።

እንዴት ያለ ቀን ነበር! ፍል ውኃው ውስጥ ገብተን ወጥተን፣ ፊታችን ቀልቶ፣ የሴቶቹ ፀጉር ተንጨባሮ። መስኩ ላይ ከአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር ምሳችንን ዘረጋን፤ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሚሪንዳ። እኔ ግን አላረፍኩም። ቀኑን ሙሉ ልጁን ሳድን ዋልኩ። ከውኃው ሲወጣ ላነሳው ስል ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣለ። ከጓደኞቹ ጋር ሲያወራ ቀስ ብዬ ብጠጋ ዞር ብሎ አየኝና ጀርባውን ሰጠኝ። በየመሀሉ የሌሎቹም ልመና አለ፤ አንዷ ብቻዋን፣ ሌላዋ ከእጮኛዋ ጋር። ቀትር ላይ የካሜራውን ቁጥር ሳየው የቀረኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። እናቱ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው ሲጠብቁኝ ታየኝ።

«ሁላችሁም ኑ!» ብዬ ጮህኩ። ፊታቸውን ወደ ዛፉ አዙሬ ደረደርኳቸው። ልጁን መሀል ላይ፣ ድሬሰሩንና አንዱን አስተማሪ ግራና ቀኝ እንደ ዘብ አቆምኩበት። «የሚንቀሳቀስ ሰው ናዝሬት በእግሩ ይገባል! ልብ በሉ፣ በእግሩ!» አልኩ። ድምፄ አስፈራቸው መሰለኝ ጸጥ አሉ። ዓይኔን ካሜራው ላይ አደረግኩ። ልጁ አቀርቅሯል። እጠብቃለሁ። አሁንም አቀርቅሯል።

እኔ ያላየሁት፣ እነሱ ሁሉ የሚያዩት አንድ ነገር ነበር። ከኋላዬ ጦጣ ከዛፍ ወርዳ ምሳችን ላይ ተቀምጣለች። ድንቹን አሸተተች፣ ተወችው። ድፎውን በሁለት እጇ አነሣች። ያ ሁሉ የተማረ ሰው፣ አስተማሪው፣ ድሬሰሩ፣ ጸሐፊዎቹ፣ ምሳቸው ሲዘረፍ ዓይናቸውን ብቻ እያንከራተቱ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ አትንቀሳቀሱ ተብለዋላ! በዚያ ዘመን ሰው ቁሙ ሲባል መቆም ለምዶ ነበር። ልጁ ቀና አለና ጦጣዋን አየ። ከዚያ ጓደኞቹን አየ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ችካል የተተከሉትን። ከዚያ ወደኔ ዞረና ፈነዳ። ራሱ ወደ ኋላ ሄደ፣ አንድ እጁ ድሬሰሩ ትከሻ ላይ፣ ሌላው ሆዱ ላይ፣ ጥርሱ ሁሉ ተገለጠ። ተጫንኩት። ጣቴ ላይ ነው ያወቅኩት፤ ፎቶ ያነሣ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚያውቀው። «ዳቦው!» ብለው ሁሉም ሲጮሁ እኔ ካሜራውን ታቅፌ ሣሩ ላይ ተቀምጬ እስቅ ነበር።

ማታ እትዬ በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። «ያዝኩልዎ» አልኳቸው። «ኢልመ ኮ!» አሉ፣ ልጄን ማለታቸው ነው፤ ጉንጬን ሳሙኝና አለቀሱ።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤቴ ለሴሚናር ወደ አሰላ ይልከኝ ነበር። ጎህ ሲቀድ መኪና ልይዝ ስሮጥ እትዬ ከደጃፌ ላይ ያዙኝ። ፊልሙ እሳቸው ጋ ካልተቀመጠ እንቅልፍ እንደማይወስዳቸው ነገሩኝ። ሰጠኋቸው። አንድ እግሬ መንገድ ላይ ሆኖ፣ «እትዬ፣ መታጠብ አለበት፤ እንዳይዘገይ» አልኩ። «ፀሐይ ብቻ እንዳያገኘው፤ ፀሐይ ካገኘው አለቀለት።» አደራውን በደንብ የተናገርኩ መስሎኝ ሄድኩ። ፎቶ ቤት ይታጠባል ማለት አልታየኝም፤ ለኛ ፊልም ሲባል ሌላ የት ይታጠባል?

አሰላ ሳለሁ የተመለመሉት ልጆች በጭነት መኪና ተወሰዱ። ስመለስ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ እትዬ እጄን ይዘው ወደ ጓዳቸው አስገቡኝ። ከልቅሶ ብዛት ዓይናቸው አብጧል፤ ፊታቸው ላይ ግን ኩራት ነበር። የጓዳዋ መስኮት በጋቢ ተሸፍኗል። ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ተወጥሯል። ገመዱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተይዞ፣ ከጥቅልሉ ተመዞ የወጣ ፊልም ተንጠልጥሏል።

«ልጄን የሸኘሁ ዕለት ከሰዓት ነው፤ እጄ ሥራ ፈለገ» አሉኝ። «ለብ ባለ ውኃ፣ በደህናው ሳሙና። አልፈተግኩትም፤ እያባበልኩ ነው ያጠብኩት። እንዳልሽኝ በጥላ ነው ያሰጣሁት፣ ፀሐይ የሚባል አላየውም።»

ያን ያህል ሰው የምቆጣ ሴትዮ፣ ሳልቆጣ የፊልሙን ጫፍ ይዤ አየሁት። ፊልሙ ግራጫ ሆኗል፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት፤ ንጹሕ ነው፣ እንደ እሳቸው ነጠላ። ምናልባት ይተርፍ ይሆን ብዬ፣ እንደማይተርፍ እያወቅኩ፣ አብረን ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድን።

ሰውዬው ወደ መብራቱ ዘርግቶ አየው። «ተቃጥሏል» አለ።

እትዬ ቱግ አሉ። «ማን ነው ያቃጠለው? እሳት አጠገብ አልደረሰም! ያጠብኩት እኔ ነኝ!»

«እናቴ፣ ብርሃን ነው የሚያቃጥለው። የታጠበውም…»

«የታጠበ ነገር እንዴት ይቃጠላል? በውኃ ያጠብኩት!»

ያ ነጭናጫ ሰውዬ ይስቃል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቀም። እኔን አየኝ፣ ከዚያ እሳቸውን፤ ወንበር ሳበላቸውና ማጠብ የሚሉት ነገር በመድኃኒት እንደሆነ፣ ጨለማ ክፍል እንደሚፈልግ ቀስ ብሎ ነገራቸው። ሲገባቸው አየሁ። ትከሻቸው ወረደ። «ልጄ የለም ማለት ነው?» አሉ።

«ፎቶው ነው የሌለው፣ እናቴ። ልጅዎ አለ» አለ ሰውዬው።

ወደ ቤት ተመለስን። በራቸው ጋ ስንደርስ ቆሙ። «አንቺ አይተሽው የለ? ምን ነበር ፎቶው ላይ? ንገሪኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ዛፉን፣ ጦጣዋን፣ ድሬሰሩ እንዴት እንደተገተረ፣ ልጃቸው ራሱን እንዴት ወደ ኋላ እንደጣለ። መጀመሪያ አለቀሱ፤ ጦጣዋ ድንቹን አሽትታ የተወችው ጋ ስደርስ ግን ፈገግ አሉ። «ድንች አትወድማ» አሉ። ከዚያ ፊልሙን አውጥተው፣ «የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። የመጨረሻው ስለነበር ጫፉን አሳየኋቸው። እዚያ ቦታ ላይ ቀይ ክር አሰሩበት።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደነገርኳቸው ቁጥር የለውም። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ከሰሜን መጥፎ ወሬ በተሰማ ቁጥር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር። «ነይ እስኪ፣ ፎቶዋን ንገሪያቸው» ይሉኛል። ክሩን ይዘው ይሰሙኛል። ስሳሳት ያርሙኛል፤ «አይደለም፣ ግራ እጁ ነው ሆዱ ላይ ያለው።» በኋላ በኋላ እኔ ተውኩና እሳቸው ይናገሩት ጀመር። ሶደሬን አንድ ቀን ረግጠው አያውቁም፤ ሲናገሩት ግን የዛፉ ጥላ የት ድረስ እንደሚደርስ ሳይቀር ነው። እኔም ያየሁትንና ከእሳቸው የሰማሁትን መለየት አቃተኝ።

ጉዟችን እየቀጠነ ሄደ። ፊልሙ ብቻ ሳይሆን ሰውም ጠፋ። ድሬሰሩ ግንባር ተመደበ፤ አስተማሪው አንድ ቀን ሳይሰናበተን ሄደ፣ የት እንደሄደም አልጠየቅንም። ውይይት የሚሞላው ቀርቶ አንድ ጋሪ የሚሞላ ሰው ማግኘት አቃተኝ። ያን ጊዜ የናፈቅኩትን ያህል ሰው ናፍቄ አላውቅም። እሑድ ጠዋት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የማንኳኳው መስኮት ስቆጥር እውል ነበር።

መንግሥት በተለወጠበት ክረምት ልጁ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው፣ የማን እንደሆነ በማይታወቅ ኮት። እናቱ መሬት ላይ ወድቀው ጉልበቱን አቀፉ። ሰፈሩ እልል አለ። እኔም ሮጬ ካሜራዬን አመጣሁ፤ ፊልም ነበረኝ፣ ለዚህ ቀን ያስቀመጥኩት። ልጁ የዚያን ቀን አልሸሸም፣ ጀርባውን አላዞረም። ቁም ሳልለው ቆመ፤ እጁን ከጎኑ አጣብቆ፣ ቀጥ ብሎ። ስጫነው ካሜራው ቀጭ አለ፤ ልጁ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ራሱን በሁለት ክንዱ ሸፍኖ። ካሜራውን ወደ ቤቴ መልሼ አስቀመጥኩት።

በዚያ ሰሞን ጎረቤት እንኳን ደስ ያለሽ ሊል ሲመጣ እትዬ ልማዳቸውን አልተዉም። ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ ፊልሙን አውጥተው፣ ክሩን ይዘው ፎቶዋን ይናገራሉ። አንድ ቀን ከመሀል አቋረጣቸው። «እማዬ፣ እንደዚያ አይመስለኝም። ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የሳቅኩ አይመስለኝም» አለ።

«ዝም በል!» አሉት። «አንተ ምን ታውቃለህ? አላየኸው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሱ ብቻ አልሳቀም። ከመጣ ጀምሮ ስቆ አያውቅም ነበር፤ ሁላችንም አይተን ዝም ብለናል። ልወጣ ስል ተከትሎኝ ወጣና አጥሩ ጋ አስቆመኝ።

«እህት ዓለም፣ እማዬን ደስ ለማሰኘት ነው ወይስ እውነት ስቄ ነበር?»

«ስቀሃል» አልኩት። «እኔ ነኝ ያየሁህ።»

«እንዴት አድርጌ?»

ነገርኩት። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፣ ካሜራው ላይ አንድ ፎቶ ብቻ ከቀረኝ ሰዓት። ለእናቱ እንደምነግረው ሳልቸኩል፤ የተገተሩትን ሰዎች፣ ጦጣዋን፣ ወደኔ የዞረበትን። ራስህን ወደ ኋላ ጣልክ ስለው ራሱን ትንሽ ወደ ኋላ አደረገ። ግራ እጅህ ሆድህ ላይ ነበር ስለው እጁን ሆዱ ላይ አሳረፈ። አፉንም ከፈት አደረገ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። እንደዚያው ሆኖ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ እጁን አወረደ።

«ነገም ትነግሪኛለሽ?» አለኝ።

እሺ አልኩት። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ አጥሩ ጋ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር።